በእርባታ ዓሣና በመኖው ውስጥ ስለሚገኝ የኬሚካል መርዝ

ዓሣ ለሰው አካል እጅግ የሚጠቅም ምግብ መሆኑ የታወቀ ነው። ሥጋው በፕሮቲን የበለጸገ ነው፤ ቅባቱም ለልብ ጤንነትና ለሕፃናት አእምሮ ዕድገት የሚረዳውን ኦሜጋ 3 የተባለውን ንጥረ ነገር ይሰጣል። ይሁን እንጂ «የእርባታ ዓሣ መርዝ አለበት» የሚል ወሬ በየጊዜው ይሰማል። ይህን ሰምተው ዓሣን ፈጽሞ የሚተዉ ሰዎች አሉ፤ ወሬውን ንቀው ምንም ሳይመረምሩ የሚመገቡም አሉ። የመጀመሪያዎቹ ከመልካም ምግብ ራሳቸውን ይከለክላሉ፤ ሁለተኞቹ ደግሞ ሊጠነቀቁለት የሚገባቸውን ነገር ሳያውቁ ይቀራሉ። ስለዚህ የነገሩን ሥረ መሠረት በዚህ ጽሑፍ ለመግለጽ አስበናል። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውል እናሳስባለን።

1ኛ፤ የእርባታ ዓሣ ማለት ምንድር ነው?

የእርባታ ዓሣ የሚባለው በኩሬ ውስጥ ወይም በባሕርና በሐይቅ በመረብ ተከልሎ፣ እንደ ዶሮና እንደ ከብት እየተቀለበ የሚያድገው ነው። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት እንዳስታወቀው፣ በ1 ዓመት ውስጥ በእርባታ የተገኘው የውኃ እንስሳ በመረብ ከተጠመደው በልጦ የተገኘው በ2022 ነው። እንግዲህ የእርባታ ዓሣ ነገር የጥቂት አገሮች ጉዳይ ብቻ መሆኑ ቀርቷል።

በተፈጥሮ የሚያድግ ዓሣ ምግቡን ራሱ ፈልጎ ይበላል። የእርባታ ዓሣ ግን የሚበላው ሰው የሰጠውን ነው። በመኖው ውስጥ ያለው መልካም ነገርም ሆነ ክፉ ነገር ወደ ሥጋው ይገባል፤ ከሥጋውም ወደ እኛ ማዕድ ይደርሳል። የዚህ ትምህርት ዋና ነገር ይህ ነው።

2ኛ፤ መርዙ ከወዴት ይመጣል?

አበው «ዓሣ ግማቱ ከአናቱ» ይላሉ። የግማት ነገር በዓይንና በአፍንጫ ይታወቃል፤ እኛ የምንናገርለት መርዝ ግን አይታይም፤ አይሸትምም። ከእነዚህ መርዞች መካከል ዋነኛው ፒ.ሲ.ቢ. የተባለው ነው። ይህ ቅባት መሰል ኬሚካል ከ1929 ጀምሮ በፋብሪካ ብዛት ተሠርቶ በኤሌክትሪክ ትራንስፎርመርና በሌሎችም መሣሪያዎች ውስጥ ሲጨመር ኖሯል። ጉዳቱ ከታወቀ በኋላ አሜሪካ በ1979 እንዳይሠራ ከለከለች። በ2001 የተፈረመው የስቶክሆልም ስምምነትም ከሌሎች መሰል መርዞች ጋር በዓለም ሁሉ እንዲወገድ ደነገገ። ሁለተኛው ዳይኦክሲን የተባለው ነው። ይህን ማንም አስቦ አይሠራውም፤ ቆሻሻ በሚቃጠልበትና አንዳንድ ኬሚካል በሚመረትበት ጊዜ ሳይፈለግ የሚወጣ ነው።

እነዚህ መርዞች ሦስት ክፉ ጠባይ አሏቸው። አንደኛው፣ ቶሎ አይበሰብሱም። ሁለተኛው፣ ውኃን ትተው ቅባትን ይፈልጋሉ። ሦስተኛው፣ ትንሹን ትልቁ ሲበላው እየተጠራቀሙ ይሄዳሉ።

ሁለተኛውን ጠባይ ለመረዳት ወጥ ቤት መግባት ይበቃል። የዶሮ ወጥ ሲሰክን በላዩ የሚንሳፈፈው ቅባት ቀይ መሆኑን ሁላችንም አይተናል። የበርበሬው ቀለም ከውኃው ይልቅ ቅባቱን ስለሚወድ ወደ እርሱ ይሰበሰባል። ፒ.ሲ.ቢ.ና ዳይኦክሲንም እንዲሁ ከባሕር ውኃ ሸሽተው በትናንሽ ዓሦች ስብ ውስጥ ይሰበሰባሉ።

እንግዲህ ሳልሞን የተባለው ዓሣ በተፈጥሮው ሌሎችን ዓሦች የሚበላ ስለሆነ፣ አርቢዎች መኖውን ያዘጋጁለት የነበረው በአብዛኛው ከትናንሽ የባሕር ዓሦች ዱቄትና ዘይት ነበር። ከ100 ኪሎ ትናንሽ ዓሣ የሚጨመቀው ዘይት በአማካይ 5 ኪሎ ያህል ነው። በ100 ኪሎው ውስጥ ተበታትኖ የነበረው በስብ የሚሟሟ መርዝ አብዛኛው በዚህ በ5 ኪሎ ዘይት ውስጥ ይከማቻል። ዘይቱም ለሳልሞኑ ይሰጣል።

3ኛ፤ በ2004 የታወቀው ነገር

በጥር ወር 2004 «ሳይንስ» በተባለው የአሜሪካ መጽሔት አንድ ትልቅ ምርመራ ታተመ። ተመራማሪዎቹ ከልዩ ልዩ አገሮች የተሰበሰቡ 700 ያህል ሳልሞኖችን መርምረው ነበር። በእርባታ ሳልሞን ሥጋ ውስጥ የተገኘው ፒ.ሲ.ቢ. በአማካይ በ1 ግራም 37 ናኖግራም ያህል ሲሆን፣ በተፈጥሮ ባደገው ሳልሞን ግን 5 ናኖግራም ያህል ነበር። ናኖግራም ማለት የአንድ ግራም ቢሊዮንኛ ክፍል ነው። ዳይኦክሲንና ሁለት የተባይ ማጥፊያ መድኃኒቶችም በእርባታው ዓሣ በልጠው ተገኙ።

ከሁሉ ይልቅ ትምህርት የሚሰጠው በአገሮቹ መካከል የታየው ልዩነት ነው። በስኮትላንድና በፋሮ ደሴቶች ያደገው ሳልሞን ከፍተኛውን መርዝ ሲይዝ፣ በቺሊ ያደገው ዝቅተኛ ሆነ። ዓሣው ያው ሳልሞን ነው፤ የተለየው መኖው ነበር። የአውሮፓ መኖ ዘይት የሚጨመቀው ለብዙ ዘመን የፋብሪካ ቆሻሻ ሲፈስባቸው ከኖሩት ከሰሜን አውሮፓ ባሕሮች ዓሣ ሲሆን፣ የደቡብ አሜሪካው ግን ከዚያ ይልቅ ንጹሕ ከሆነው ከፔሩና ከቺሊ ባሕር ነበር።

በዚያን ጊዜ ክርክር ተነሣ። ተመራማሪዎቹ ከአንዳንድ ቦታ የመጣው ሳልሞን በወር ከአንድ ጊዜ በላይ እንዳይበላ መከሩ። የብሪታንያ የምግብ ባለሥልጣን ግን የተገኘው መጠን ከተፈቀደው ወሰን በታች እንደሆነና የዓሣው ጥቅም እንደሚበልጥ መለሰ። ሁለቱም ወገኖች የየራሳቸው ምክንያት ነበራቸው፤ ነገር ግን መኖው መስተካከል እንዳለበት ግልጽ ሆነ።

4ኛ፤ መኖው ሲለወጥ ዓሣው ተለወጠ

የአውሮፓ ማኅበር አገሮች በምግብና በመኖ ውስጥ ለሚገኝ ዳይኦክሲን ከ2002 ጀምሮ፣ ዳይኦክሲን መሰል ለሆኑት የፒ.ሲ.ቢ. ዓይነቶች ደግሞ በ2006 የሕግ ወሰን አበጁ። የዘይት ፋብሪካዎችም ዘይቱን በልዩ ከሰል እያጣሩ መርዙን መቀነስ ጀመሩ። በኖርዌይ በ1990 ከሳልሞን መኖ 90 በመቶ ያህሉ ከባሕር የተገኘ ነበር፤ በ2013 ግን 30 በመቶ ያህል ብቻ ሆነ። የቀረውን አኩሪ አተርና ሌላ የእህል ዘር ተካው።

ውጤቱም ታየ። በ2017 የታተመ የኖርዌይ ምርመራ እንደገለጸው፣ የዚያ አገር የእርባታ ሳልሞን በተፈጥሮ ካደገው ይልቅ ያነሰ ዳይኦክሲን፣ ያነሰ ፒ.ሲ.ቢ.ና ያነሰ ሜርኩሪ ተገኘበት። በ2004 የተነገረው ተገለበጠ ማለት ነው።

ነገር ግን ለውጡ ያለ ዋጋ አልመጣም። በስኮትላንድ የእርባታ ሳልሞን ውስጥ የነበረው ኦሜጋ 3 ከ2006 እስከ 2015 ባለው ጊዜ በግማሽ ያህል ቀነሰ፤ እርሱም የሚገኘው ከዚያው ከባሕር ዘይት ነበርና። ከዕፀዋት የሚዘጋጅ መኖም የተባይ ማጥፊያ ቅሪትና የሻጋታ መርዝ ይዞ ሊመጣ ስለሚችል ሌላ ጥበቃ ያስፈልገዋል።

5ኛ፤ በሰው ላይ የሚያደርሰው ጉዳት

በ1968 በምዕራብ ጃፓን ፒ.ሲ.ቢ. የገባበትን የሩዝ ዘይት የተመገቡ ብዙ ሰዎች በጽኑ ታመሙ፤ ቆዳቸው በቁስል ተሸፈነ፤ ከታመሙት እናቶች አንዳንዶቹ ቆዳቸው የጠቆረ ሕፃናት ወለዱ። ያ መጠን በዓሣ ከሚገኘው እጅግ የበዛ እንደነበር መታወቅ አለበት። በዓሣና በሌላ ምግብ የሚገባው ጥቂቱ መርዝ አንድ ቀን በልተነው አያሳምመንም፤ የሚያስፈራው ለዓመታት መጠራቀሙ ነው። ዳይኦክሲን ከገባ በኋላ ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ ድረስ ከ7 እስከ 11 ዓመት ይፈጃል። ስለዚህ ልጃገረድ ሳለች ያጠራቀመችው፣ እናት በሆነች ጊዜ በማኅፀንና በጡት ወደ ልጅዋ ይተላለፋል። እንዲህም ሆኖ የጡት ወተት ጥቅም ከዚህ ሁሉ ስለሚበልጥ ማንም እናት ማጥባትን እንዳትተው አጥብቀን እንመክራለን። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በ2018 በሳምንት ሊገባ የሚፈቀደውን የዳይኦክሲን መጠን ወደ ሰባተኛ ክፍሉ ዝቅ ማድረጉ፣ ነገሩ ገና ያላለቀ መሆኑን ያሳያል።

6ኛ፤ በአገራችን ሊታሰብ የሚገባው

በአገራችን በኩሬ የሚረቡት በተለይ ቆሮሶና አምባዛ ናቸው። ቆሮሶ በአብዛኛው አረንጓዴ የውኃ ዕፀዋትን የሚመገብና ስቡ ያነሰ ስለሆነ የፒ.ሲ.ቢ. ስጋቱ ከሳልሞን ያነሰ ነው። ሆኖም ሁለት ነገሮች ጥንቃቄ ይፈልጋሉ።

የመጀመሪያው የተባይ ማጥፊያ መድኃኒት ነው። ለብዙ ዓመታት ለወባ መከላከያ ሲረጭ የኖረው ዲዲቲ በዝዋይና በሐዋሳ ሐይቆች ዓሣ ውስጥ ቅሪቱ በምርመራ ተገኝቷል። ስለዚህ ኩሬ ከሚረጭ እርሻ በታች መቆፈር የለበትም፤ መድኃኒት የነበረበትም በርሜል ታጥቦም ቢሆን ለመኖ ወይም ለውኃ መያዣ መዋል የለበትም።

ሁለተኛው የመኖ ሻጋታ ነው። ለዓሣ የሚሰጠው የኑግ ፋጉሎ በእርጥብ ስፍራ ሲቀመጥ አፍላቶክሲን የተባለውን ጉበት የሚጎዳ መርዝ ያፈራል። በአዲስ አበባ አካባቢ ለወተት ላሞች ከሚቀርበው ፋጉሎ ላይ ይኸው መርዝ ተገኝቷል። መኖ ከመሬት ከፍ ባለ ርብራብ ላይ፣ በደረቅና ነፋስ በሚገባበት ቤት ይቀመጥ፤ የሻገተውም ይጣል እንጂ ከጥሩው ጋር አይደባለቅ።

7ኛ፤ በማዕድ ቤት የሚደረግ ጥንቃቄ

ስብ የበዛበት ዓሣ ሲዘጋጅ ቆዳውና የሆዱ ስብ ይወገድ። በሽቦ ላይ ቢጠበስ ስቡ ይንጠባጠባል፤ የተንጠባጠበውም ለወጥ አይዋል። በዚህ መንገድ ከመርዙ አንዱ ክፍል ይወገዳል። ሜርኩሪ ግን በስብ ሳይሆን በሥጋው ውስጥ ስለሚገኝ ቆዳ መግፈፍ አይቀንሰውም፤ ለእርሱ የሚበጀው፣ በተለይ ነፍሰ ጡሮችና ሕፃናት፣ ሌሎችን እየበሉ ከሚያድጉት ትላልቅ የባሕር ዓሦች መቆጠብ ነው። በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችንም ዓሣ ሲገዙ ከየት እንደመጣ በማሸጊያው ላይ ያንብቡ፤ ሁልጊዜም አንድ ዓይነት ብቻ ከመብላት ያፈራርቁ።

ለማጠቃለል፣ ዓሣን መተው ሳይሆን ዓሣው የሚበላውን መጠየቅ ይገባል። መኖው በተስተካከለበት ስፍራ ዓሣው መስተካከሉን አይተናል።

ለመምህራን

ውኃ ባለበት የመስተዋት ዕቃ ውስጥ ጥቂት በርበሬ በጥብጡ፤ ዘይት ጨምሩበት፤ ክዳኑን ገጥማችሁ ነቅንቁትና እስኪሰክን ጠብቁ። ከዚያም ተማሪዎችን እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፤

1. ቀዩ ቀለም ወዴት ሄደ? ፒ.ሲ.ቢ. በባሕር ውስጥ ከዚህ ጋር የሚመሳሰለው በምንድር ነው?
2. የስኮትላንድና የቺሊ ሳልሞን በ2004 ለምን ተለያዩ?
3. የሳልሞን መኖ ከዕፀዋት ሲዘጋጅ ምን ተገኘ? ምንስ ታጣ?
4. በቤታችሁ እህልና መኖ እንዳይሻግት ምን ይደረጋል?