«ለጀማሪዎች» ስለ ተባለው የሞዛርት ሶናታ

በፒያኖ ትምህርት «ቀላል» የሚለው ቃል ሁለት ነገር ያመለክታል። አንደኛው ለጣት ቀላል ማለት ነው፤ ይኸውም ኖታው በቶሎ የሚነበብ፥ እጅ ሩቅ ለሩቅ የማይዘልበት፥ ጣት ከጣት የማይጠላለፍበት ድርሰት ነው። ሁለተኛው ለጆሮና ለአእምሮ ቀላል ማለት ነው። ብዙ ሰው ሁለቱን አንድ አድርጎ ይቈጥራቸዋል። እኔ ግን የተለያዩ መሆናቸውን በአንድ ድርሰት ላስረዳ እሞክራለሁ። ድርሰቱም የሞዛርት የዶ ሜጀር ሶናታ፥ በኬኸል መዝገብ ቍጥር 545 የሆነው ነው።

በሙዚቃ ክበባችን ለዓመቱ መዝጊያ በዓል የምጫወተው ይህን ሶናታ መሆኑን የሰሙ አንዳንድ ጓደኞቼ፥ «የመጨረሻ ክፍል ተማሪ ሆነህ እንዴት የጀማሪ ድርሰት ትመርጣለህ?» ሲሉ ጠይቀውኛል። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። በበዓሉ ቀን ወላጆችና መምህራን ተሰብስበው የሚሰሙኝ ለመጨረሻ ጊዜ ስለ ሆነ፥ ምርጫዬን በምክንያት ማስረዳት ይገባኛል። መልሱም በጽሑፍ ቢሆን ከእኔ በኋላ ፒያኖ ለሚማሩት ይጠቅም ይሆናል ብዬ በመጽሔታችን ላይ ለማቅረብ ተነሣሁ።

፩ ስለ ድርሰቱ

ዎልፍጋንግ አማዴዎስ ሞዛርት በ1756 ዓ.ም. በሳልዝቡርግ ተወለደ፤ በ1791 ዓ.ም. በቪየና ዐረፈ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) ከ1784 ዓ.ም. ጀምሮ የድርሰቶቹን ዝርዝር በገዛ እጁ በመዝገብ ያሰፍር ነበር። ይህን ሶናታ የመዘገበው በጁን 26 ቀን 1788 ዓ.ም. ሲሆን፥ ለጀማሪዎች የተዘጋጀ ትንሽ ሶናታ መሆኑን ጽፎበታል። በዚያው ቀን፥ በዚያው መዝገብ ላይ 39ኛው ሲምፎኒውም ይገኛል። እንግዲህ ለሙሉ ኦርኬስትራ ታላቅ ሥራ የጻፈው እጅ፥ በዚያው ሰሞን ለጀማሪ ልጅ ጣት የሚስማማውንም ጽፏል ማለት ነው።

ሶናታው በደራሲው ዘመን አልታተመም። የታተመው በ1805 ዓ.ም.፥ እርሱ ከሞተ ከ14 ዓመት በኋላ ነው። በእጁ የጻፈው ቅጂም ጠፍቷል። 545 የሚለውን ቍጥር ያገኘው ሉድቪግ ፎን ኬኸል በ1862 ዓ.ም. የሞዛርትን ሥራዎች በተራ ዘርዝሮ ካሳተመ በኋላ ነው።

ሶናታው ሦስት ክፍሎች አሉት። የመጀመሪያው ፈጣን ሆኖ 73 ባር፥ ሁለተኛው ዝግ ያለ ሆኖ 74 ባር፥ ሦስተኛው ሮንዶ የተባለው ደግሞ 73 ባር ነው። ባር የምንለው በኖታው ላይ በቁም መስመር የተከለለውን አንዱን ክፍል ነው። ከዚህ በታች አብዛኛውን የምናገረው ስለ መጀመሪያው ክፍል ነው።

፪ ንባቡ

በአብነት ትምህርት ቤታችን ንባብ ይቀድማል፤ ትርጓሜ ይከተላል። ንባቡን ያላጸና ተማሪ ወደ ትርጓሜ አይገባም። በፒያኖም ሥርዓቱ ይኸው ነው።

የመጀመሪያው የንባብ ሥራ የግራ እጅ ነው። ግራ እጅ የአንዱን ኮርድ ድምፆች ባንድነት በመምታት ፈንታ ነጣጥሎ ዶ፥ ሶል፥ ሚ፥ ሶል እያለ ይመላለሳል። ይህ አጃቢ በአሥራ ስምንተኛው መቶ ዓመት በነበረው በኢጣልያዊው በዶሜኒኮ አልቤርቲ ስም «የአልቤርቲ ባስ» ይባላል። ለማንበብ አንድ ቀን ይበቃዋል። ነገር ግን መካከል ላይ እየተደጋገመ የሚመጣው ሶል በአውራ ጣት የሚመታ ስለ ሆነ፥ አውራ ጣትም ከጣቶች ሁሉ ከባዱ ስለ ሆነ፥ ሳናስበው ሶል ብቻ ጐልቶ እንደ መዶሻ ይሰማል። ስለዚህ ግራ እጅን ብቻውን፥ አውራ ጣትን ከቁልፉ ሳያርቁ፥ በዝግታ መለማመድ ያስፈልጋል። እኔ የምጠቀምበት መፈተኛ አለ፤ ግራ እጄ ሲጫወት የቀኝ እጁን ዜማ በአፌ አዜማለሁ። አፌ ያለ ችግር ካዜመ፥ ግራ እጄ በልኩ ነው ማለት ነው።

ሁለተኛው ሥራ ከአምስተኛው እስከ ስምንተኛው ባር ያለው የስኬል ሩጫ ነው። ቀኝ እጅ በየባሩ አንድ ኦክታቭ ወጥቶ ይመለሳል። ብዙ ተማሪ ይህን የፍጥነት ፈተና አድርጎ ይወስደዋል። የእያንዳንዱን ባር መነሻ ድምፅ ብቻ ለይተን ብንመለከት ግን የመጀመሪያው ላ፥ ሁለተኛው ሶል፥ ሦስተኛው ፋ፥ አራተኛው ሚ ሆኖ እናገኘዋለን። በሩጫው ውስጥ ቀስ ብሎ የሚወርድ ሌላ ዜማ አለ። መምህራችን በመጀመሪያ አራቱን ድምፆች ብቻ ከግራ እጅ ጋር እንድጫወት፥ ሩጫውን ከዚያ በኋላ እንድሞላበት አሳዩኝ። እንዲህ ሲሆን ጣት ለመቅደም አይቸኵልም፤ ወዴት እንደሚወርድ ያውቃልና።

ሦስተኛው ሥራ የጆሮ ነው። ይህ በተለይ እኛን የሚመለከት ይመስለኛል። ትዝታ ሜጀር በምንለው ቅኝት ከዶ ስንነሣ ዶ፥ ሬ፥ ሚ፥ ሶል፥ ላ የሚባሉት አምስት ድምፆች ብቻ አሉ፤ ፋና ሲ የሉበትም። የሞዛርት ዜማ በመጀመሪያው ባር ዶ፥ ሚ፥ ሶል ብሎ ለትዝታ ጆሮ የሚታወቁትን ድምፆች ይጠራል። በሁለተኛው ባር መግቢያ ላይ ግን በቀጥታ ሲ ላይ ይቆማል። ሲ ከላይኛው ዶ በግማሽ ድምፅ ብቻ ስለምትርቅ ሳትረጋ ወደ ዶ ትሳባለች። በአምስት ድምፅ ቅኝት ያደገ ጆሮ ይህን መሳብ አዲስ ነገር ሆኖ ስለሚያገኘው ቶሎ ይነቃበታል፤ ይህም ጉዳት ሳይሆን ጥቅም ነው። ሲን ጥቂት ጠበቅ፥ የምትገባበትን ዶ ለቀቅ አድርጎ መምታት ነው። ይህን ያላደረገ ተጫዋች ሁለቱን ባሮች እንደ ፊደል ቈጠራ ያሰማቸዋል።

ስለ መሣሪያውም ማወቅ ይጠቅማል። ሞዛርት በቪየና የነበረው ፒያኖ የአንቶን ዋልተር ሥራ ሲሆን አምስት ኦክታቭ ብቻ ነበረው። መዶሻዎቹ ትንንሽና በቆዳ የተሸፈኑ፥ አካሉ ከእንጨት የተሠራ፥ ድምፁም ግልጽና ቶሎ የሚጠፋ ነበር። የዛሬው ፒያኖ 88 ቁልፍና የብረት አካል አለው፤ ድምፁ ይረዝማል፥ ይከብዳልም። የአልቤርቲ ባስ በዚያ መሣሪያ ላይ ጠርቶ ሲሰማ፥ በዛሬው ላይ ግን ፔዳል ከበዛበት ይደፈርሳል። ስለዚህ በዛሬው ፒያኖ የሚጫወት ሰው ፔዳሉን መቈጠብ፥ ግራ እጁንም ማቅለል ይገባዋል።

፫ ትርጓሜው

ንባቡ ከጸና በኋላ ሌላ ችግር ይመጣል። በኖታው ላይ ጮኽ በል፥ ለስለስ በል የሚል ምልክት ከደራሲው አልደረሰንም። በአንዳንድ መጻሕፍት የምናያቸው ምልክቶች በኋላ ዘመን አዘጋጆች የተጨመሩ ናቸው። እንግዲህ ተጫዋቹ ራሱ መፍረድ አለበት፤ ፍርዱም ከኖታው ማስረጃ ሊኖረው ይገባል።

አንዳንድ ሰው ማስረጃን ከደራሲው ሕይወት ይፈልጋል። በ1788 ዓ.ም. ክረምት ሞዛርት በገንዘብ ችግር ላይ ነበር፤ ለወዳጁ ለሚካኤል ፑኽበርግ ብድር እየለመነ ይጽፍ ነበር። ቴሬዝያ የተባለች የስድስት ወር ሴት ልጁም በጁን 29 ቀን ሞታለች። ይህን ያነበበ ሰው ሶናታውን በኀዘን ለመጫወት ይፈልግ ይሆናል። ነገር ግን ሶናታው የተመዘገበው ሕፃኒቱ ከመሞቷ ከሦስት ቀን በፊት ነው። ስለዚህ ሐዘኑን ከታሪክ አምጥተን በሙዚቃው ላይ ብንጭንበት ትርጓሜ አይሆንም። ትርጓሜ ከንባቡ መውጣት አለበት።

ከንባቡ የሚወጣ ማስረጃ ምን ዓይነት እንደ ሆነ በሁለት ምሳሌ ላሳይ።

አንደኛው ምሳሌ በ29ኛው ባር ነው። የመጀመሪያው ክፍል እኩሌታ በሶል ሜጀር፥ በደስታ፥ ኮርድን በሚበታትን ሐረግ ያልቃል። ቀጥሎ ያው ሐረግ ይመለሳል፤ አሁን ግን በሶል ማይነር ነው። ዋናው ልዩነት ሲ በግማሽ ድምፅ ዝቅ ማለቷ ነው። ቀን ሳይመሽ ደመና ፀሐይን እንደሚጋርድ ያህል ነው። እዚህ ላይ ተጫዋቹ መጮኽም መዘግየትም አያስፈልገውም፤ የተለወጠችውን ድምፅ ሰምቶ ማሰማት ይበቃል። ከዚያም ሙዚቃው በሬ ማይነርና በላ ማይነር በኩል አልፎ በ13 ባር ውስጥ መንገዱን ይጨርሳል።

ሁለተኛው ምሳሌ ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበኝ ነው። በዚያ ዘመን የሶናታ ልማድ መሠረት፥ ሙዚቃው በሌሎች ቅኝቶች ከዞረ በኋላ የመክፈቻው ዜማ በመነሻው ቅኝት ይመለሳል። እዚህ ግን በ42ኛው ባር ዜማው የሚመለሰው በዶ ሳይሆን በፋ ሜጀር ነው። አንዳንዶች ይህን የድካም ማቃለያ ይሉታል፤ የፊተኛው ጽሑፍ ወደ ፋ ተዛውሮ እንዲያው ቢገለበጥ ኖሮ ሁለተኛው ዜማ ያለ ተጨማሪ ሥራ በዶ ይገኝ ነበርና። ኖታውን የቈጠረ ሰው ግን ይህን አይቀበልም። ሞዛርት እንዲያው አልገለበጠም፤ በፊተኛው ያልነበሩ አራት ባሮች ጨምሮ የስኬሉን ሩጫ ለግራ እጅም ሰጥቶታል። ድካም የሸሸ ሰው አራት ባር አይጨምርም።

ከዚህ የሚወጣው ትርጓሜ የሚከተለው ነው። በ42ኛው ባር ዜማው ተመለሰ፤ ቤቱ ግን አልገባም። ስለዚህ እንደ መጀመሪያው ባር በሙሉ እርግጠኝነት መጫወት የለበትም፤ ለስለስ ብሎ፥ ገና በመንገድ ላይ እንዳለ ሰው መሰማት አለበት። ግራ እጅ ሩጫውን ሲረከብ ጕዞው ይቀጥላል። በ59ኛው ባር ሁለተኛው ዜማ በዶ ሜጀር ሲሰማ ሙዚቃው ያን ጊዜ ቤቱ ይገባል። የሚያስገርመው ግን ይህ ዜማ ቀድሞ የተሰማው በሶል፥ በባዕድ ቤት መሆኑ ነው። ከቤት የወጣው የመክፈቻ ዜማ በዚህ ክፍል መጨረሻ በዶ አይሰማም፤ በውጭ የተወለደው ዜማ ገብቶ ቤቱን ይዘጋል። እኛ የመጨረሻ ክፍል ተማሪዎች ከዚህ ግቢ ወጥተን ወደ ልዩ ልዩ ቦታ የምንበተን ነን፤ ምናልባት ስለዚህ ይሆናል ይህ ስፍራ ሌላውን ሁሉ እንድማር ያደረገኝ። ቢሆንም ይህ የእኔ ስሜት ነው እንጂ በኖታው ላይ አልተጻፈም። የተጻፈው ፋ ሜጀርና አራቱ ባር ነው፤ በበዓሉ ላይ ላሰማ የምሞክረውም ይህንኑ ነው።

ስለ ሌሎቹ ክፍሎች ባጭሩ ለመናገር፥ ሁለተኛው ክፍል በሶል ሜጀር ሲሆን አጃቢው ከሞላ ጐደል እስከ መጨረሻው የአልቤርቲ ባስ ነው፤ በመካከል ወደ ሶል ማይነር ዞር ይላል። ችግሩ ዝግ ባለው አካሄድ ዜማውን ሳይቈርጡ ማዝለቅ ነው። ሮንዶው አጭርና ተጫዋች ነው፤ ቀኝ እጅ የተናገረውን ግራ እጅ ተከትሎ ይደግመዋል። ሁለቱም እጆች በአንድ አነጋገር መናገር አለባቸው።

፬ ለሚማሩት

ፒያኖው አንድ፥ ተማሪው ብዙ በሆነበት ስፍራ ጊዜ በከንቱ ሊያልፍ አይገባም። ስለዚህ ከልምምድ በፊት ኖታውን በጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ማንበብ፥ የጣት ቍጥሮቹን መጻፍ፥ ዜማውን በአፍ ማለት ይጠቅማል። ዛሬ በየኪሱ ያለው ስልክ ድምፅ ስለሚቀርጽ፥ የተጫወቱትን ቀርጾ በማግስቱ ማዳመጥም መልካም ነው፤ ጣት ሥራ በያዘበት ጊዜ ጆሮ ያላስተዋለውን በማግስቱ ያስተውላልና።

ከባድ በሚባለው ድርሰት ውስጥ የኮርዱ ብዛትና የፔዳሉ ጩኸት ብዙ ጉድለት ይሸፍናሉ። በዚህ ሶናታ ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ የሚሰማው አንድ ዜማና አንድ አጃቢ ብቻ ነው፤ መሸሸጊያ የለም። አንድ ጣት ቢከብድ ይታወቃል፤ አንድ ሐሳብ ቢጐድልም ይታወቃል። ሞዛርት ለጀማሪዎች ብሎ የጻፈው ከዚህ እንዲጀምሩ ነው እንጂ ጀምረው ፈጥነው እንዲተዉት አይመስለኝም። ስለዚህ ታናናሾቻችን ይህን መጽሐፍ ሲቀበሉ ንባቡን በአንድ ወር ቢጨርሱ ይደሰቱ፤ ነገር ግን አይዝጉት። በዓመቱም፥ በሁለተኛውም ዓመት ይመለሱበት። ኖታው ያው ይሆናል፤ የሚሰማው ጆሮ ግን ያድጋል።