የእርዳታ እህል ጭነትና የተሳቢ ክብደት ወሰን፤ ከምዕራብ ጎጃም መንገዶች አንጻር

ለድርቅ ተጎጂዎች የተመደበ እህል መጋዘን ውስጥ መኖሩ ብቻ የተረጂውን ሕይወት አያተርፍም፤ መንገድና ድልድይ ሊያደርሱት ይገባል። ይህ ጽሑፍ በባለተሳቢ መኪና እህልና የሰፋሪ ዕቃ የሚያስጭኑ የአስተዳደር ኃላፊዎችና የእርዳታ ሠራተኞች ስለ ጭነት ወሰን ማወቅ የሚገባቸውን ለማስገንዘብ የተዘጋጀ ነው።

ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ይገኛሉ። ከቡሬ አንድ መንገድ ወደ ነቀምቴ ይገነጠላል፤ ዋናው ወደ እንጅባራ ይቀጥላል። አካባቢው በበቆሎ፣ በጤፍና በበርበሬ ምርቱ የታወቀ እንደ መሆኑ ለሌላው የአገሪቱ ክፍል የሚሆን እህል ይጫንበታል። በ1977ና በ1978 ዓ.ም. 600,000 ያህል ሕዝብ ከድርቅ ቀጠናዎች ወደ ሠፈራ ጣቢያዎች ሲዛወር፣ መተከል ውስጥ የሚገኘው ፓዌ ከዋናዎቹ መድረሻዎች አንዱ ነበር። ስለዚህ በዚህ አገር የመንገድ ጉዳይ ከእርዳታ ሥራ ተነጥሎ ሊታይ አይችልም።

የክብደት ወሰን የሚለካው በመኪናው ጠቅላላ ክብደት ብቻ አይደለም፤ እያንዳንዱ አክስል መሬት ላይ የሚያሳርፈው ክብደትም ራሱን ችሎ ይለካል። ኢትዮጵያ አባል የሆነችበት የምሥራቅና ደቡባዊ አፍሪካ የጋራ ገበያ (ኮሜሳ) ወሰን ለመሪ አክስል 8 ቶን፣ ጥንድ ጎማ ላለው ነጠላ አክስል 10 ቶን፣ ተቀራርበው ለተገጠሙ ሁለት አክስሎች በድምሩ 16 ቶን ነው። የተሽከርካሪው ሊብሬ የሚያሳየው የመጫን አቅም ከዚህ ካነሰ ግን ገዢው ሊብሬው ነው።

የ10 ቶኑ ወሰን እንዲያው የተቆረጠ ቁጥር አይደለም። ከ1951 እስከ 1953 ዓ.ም. በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት የተካሄደው ሰፊ የመንገድ ሙከራ፣ በመንገድ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ከአክስል ክብደት አራተኛ ርቢ ጋር ተቀራራቢ በሆነ መጠን እንደሚያድግ አሳይቷል። በዚህ ስሌት 10 ቶን የሚሸከም አክስል 12 ቶን ቢጫንበት ክብደቱ በአንድ አምስተኛ ሲጨምር ጉዳቱ ከእጥፍ ያልፋል።

ለምሳሌ ያህል ባዶውን 6 ቶን የሚመዝን ባለ ሁለት አክስል ተሳቢ እንውሰድ። 140 ኩንታል በቆሎ በእኩል ቢደለደልበት ጠቅላላው 20 ቶን፣ በየአክስሉ 10 ቶን ይሆናል። አንድ የወረዳ ኃላፊ ሕዝቡ መቸገሩን አይቶ 30 ኩንታል እንዲጨመርለት ቢለምን፣ ልመናው ከክፋት የመጣ አይደለም፤ ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ ግራም እህል በሚታደልበት ስሌት 30 ኩንታል የ200 ሰዎች የአንድ ወር ቀለብ ነው። ነገር ግን በእያንዳንዱ አክስል ላይ 11.5 ቶን ያርፋል። እህሉ በ21 በመቶ ሲጨምር የመንገዱ ጉዳት በ75 በመቶ ያድጋል። በክረምት በራሰ መሬት ላይ አንድ የውኃ ማሳለፊያ ቱቦ ቢደረመስ፣ ከኋላ የሚመጡት መኪናዎች ሁሉ ይቆማሉ፤ 200ውን ሰው ለመርዳት የታሰበው ጭነት በሺህ የሚቆጠሩትን ሊያስርብ ይችላል። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ለእንዲህ ያለው ልመና ተገቢው መልስ ሌላ መኪና መፈለግ ነው።

ከዚህ የበለጠ የሚዘነጋው የአደላደል ጉዳይ ነው። በዚያው ተሳቢ ላይ በአክስሎቹ መካከል ያለው ርቀት 5 ሜትር ቢሆንና የ140ው ኩንታል መካከለኛ ነጥብ በግማሽ ሜትር ወደ ኋላ ቢሸሽ፣ 1.4 ቶን ከፊተኛው ወደ ኋለኛው አክስል ይዛወራል። ኋለኛው 11.4 ቶን ይሸከማል ማለት ነው። አንድ ጆንያ ሳይጨመር ወሰኑ ተጣሰ። ጫኞች ለማውረድ እንዲቀላቸው ጆንያውን በበሩ በኩል የሚቆልሉበት ልማድ መታረም ያለበት ለዚህ ነው።

በአቅራቢያ የመኪና ሚዛን ከሌለ የመጋዘን ሚዛን ይበቃል። ከጭነቱ አሥር ጆንያ ያለ ምርጫ አውጥቶ መመዘንና አማካዩን በጆንያው ቁጥር ማባዛት ነው። በገበሬው እጅ የተሞላ ጆንያ ልክ 100 ኪሎ ነው ብሎ መገመት አያዋጣም፤ አማካዩ 105 ኪሎ ከሆነ በ140 ጆንያ ላይ 7 ኩንታል ሳይታወቅ ተጭኗል። ሸራ ሳይለብስ ዝናብ የመታው ጭነትም ክብደት ይጨምራል፤ ውሎ ካደረ ደግሞ ይሻግታል።

ብርድ ልብስ፣ ድንኳን፣ ባዶ ጀሪካንና የቤት ዕቃ ሲጫን ችግሩ ከክብደት ወደ መጠን ይዞራል። ሚዛኑ ምንም ሳይናገር ጭነቱ ከካሶኒው ጎን ይወጣል፤ ከፍታውም በከተማ መግቢያ ላይ የተዘረጋ የመብራት ሽቦ ይነካል። ለቤት መሥሪያ የሚላክ የባሕር ዛፍ አጣና ከተሳቢው ኋላ ተርፎ ከወጣ በመታጠፊያ ላይ መንገደኛ ይመታል፤ በአጭሩ መቁረጥ ወይም ረጅም ካሶኒ ላለው መኪና ማሳለፍ ይሻላል። ሰፋሪዎችን ከዕቃው በላይ ማሳፈር በምንም ምክንያት ሊፈቀድ አይገባም።

ከአዲስ አበባ የሚመጣ መኪና ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን የዓባይን ሸለቆ ይሻገራል። በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ የተመረቀው አዲሱ ድልድይ የአሮጌውን ሸክም አቃሏል፤ ቁልቁለቱ ግን ያው ነው። ከ1,000 ሜትር በላይ በሚወርደው መንገድ ላይ ፍሬን የሚያመነጨው ሙቀት ከጭነቱ ጋር ያድጋል፤ ከመጠን በላይ የተጫነ ተሳቢም ጎታቹን መኪና ከኋላ ይገፋዋል። ሾፌሩ ቁልቁለቱን ሳይጀምር በከባድ ማርሽ መግባት አለበት።

ከአስፋልቱ ወጥቶ ወደ ገጠር ቀበሌ በሚወስደው የጠጠር ወይም የአፈር መንገድ ላይ ደግሞ በሕግ የተፈቀደውም ክብደት ሊከብድ ይችላል። በቡሬ ወይም በፍኖተ ሰላም ተሳቢውን ሜዳ ቦታ ላይ ፈትቶ፣ ጎማዎቹን በድንጋይ ደግፎና ጥበቃ መድቦ፣ ዋናው መኪና ብቻውን ተመላልሶ ቢያደርስ የነዳጅ ወጪው ይጨምራል። ይህ ወጪ በጉዞ ትእዛዙ ላይ አስቀድሞ ሊያዝ ይገባል፤ ካልተያዘ ግን ሾፌሩ ተሳቢውን እየጎተተ እንዲገባ ይገደዳል።