ቆላና ደጋ በአንድ ሀገረ ስብከት፦ ሙቀትንና የወቅቶችን መፈራረቅ በዝግጅት ስለ መቀበል

ለሰበካ ጉባኤያትና ለካህናት የቀረበ የጥናት ትምህርት



የመንዝ፣ የግሼና የመርሐቤቴ ምድር ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ10 ዲግሪ ገደማ ይገኛል። በካርታ ሲታይ የሞቃት ቀጠና ነው። ነገር ግን በአንዲት ዕለት የጓሳ እረኛ ባናውን ተከናንቦ ከብርድ ሲሸሸግ፣ በጀማ ሸለቆ ያለው ገበሬ ከቀትር ፀሐይ ለመሸሽ የዛፍ ጥላ ይፈልጋል። ስለዚህ ለሀገረ ስብከታችን ሁሉ የሚሆን አንድ ዓይነት የአየር ጠባይ ምክር መስጠት አይቻልም። እያንዳንዱ አጥቢያ የራሱን ከፍታና የራሱን ወቅት አውቆ ዓመቱን አስቀድሞ ማቀድ ይኖርበታል። የዚህ ትምህርት ዓላማም ይህንኑ ማስረዳት ነው።

፩. ሙቀቱ መቼና ለምን ይበረታል?

በእኛ አካባቢ ፀሐይ በቀትር ልክ በአናታችን ላይ የምትሆነው በዓመት ሁለት ጊዜ ነው። የመጀመሪያው በሚያዝያ 8 ቀን ገደማ፣ ሁለተኛው በነሐሴ 21 ቀን ገደማ ነው። በነሐሴ ደመናውና ዝናሙ ኃይሏን ያበርዱታል። በሚያዝያ ግን ሰማዩ ብዙ ጊዜ ጥርት ያለ፣ ምድሪቱም የደረቀች ስለሆነች ሙቀቱ ይበረታል። ከየካቲት እስከ ግንቦት ያለው ጊዜ ለቆላው ከባድ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ከወቅቱ ይልቅ የሚበልጠው ግን የከፍታ ልዩነት ነው። በየ1,000 ሜትሩ ሽቅብ ስንወጣ ሙቀቱ በ6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይቀንሳል። የጀማ ሸለቆ ወለል ከ1,500 ሜትር በታች ሲሆን የጓሳ ሜዳ ከ3,200 ሜትር በላይ ነው። አባቶቻችን ምድሪቱን ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋና ውርጭ ብለው ሲከፍሉ ይህን ልዩነት በሚገባ ተረድተውት ነበር።

፪. ዐቢይ ጾምና የሙቀቱ ወራት

በባሕረ ሐሳብ ሥርዓት ፋሲካ ከመጋቢት 26 ቀን አይቀድምም፤ ከሚያዝያ 30 ቀንም አያልፍም። ስለዚህ 55ቱ የሁዳዴ ቀናት በየዓመቱ ከደረቁና ከሞቃቱ ወራት ጋር ይገጥማሉ። የስቅለት ስግደትም ፀሐይ ከአናት ላይ በምትሆንበት ሰሞን ይውላል። ቅዳሴው በጾሙ ወራት ከቀትር በኋላ ስለሚሆን አረጋውያን ውኃ ሳይቀምሱ ረጅም መንገድ ተጉዘው፣ በደጀ ሰላሙ ቆመው ይጠብቃሉ።

በየአጥቢያው ስንዘዋወር የምንሰማው አንድ አሳሳቢ ነገር አለ። ሕመም የጠናባቸው ሰዎች ውኃ መጠጣትን እንደ ድፍረት ቆጥረው ራሳቸውን ለጉዳት ያጋልጣሉ። ፍትሐ ነገሥት ስለ ጾም ሲደነግግ ሥጋዊ ደዌ ያለበትን ሰው ከግዴታው ለይቶ ያየዋል። ነፍሰ ጡሮችና የሚያጠቡ እናቶችም ለንስሐ አባታቸው ነግረው እንደ አቅማቸው እንዲጾሙ የሚያደርግ ልማድ አለን። ይህን የሚያውቀው ካህን ካልተናገረ ግን ምእመኑ በራሱ ሊወስን ይቸገራል። ስለዚህ የንስሐ አባቶች ጾሙ ከመግባቱ በፊት በነነዌ ሳምንት ልጆቻቸውን እየጎበኙ፣ የስኳርና የደም ግፊት ሕመምተኞችን፣ ነፍሰ ጡሮችንና አቅመ ደካሞችን በስም ለይተው እንዲመክሩ አደራ እንላለን።

ሰበካ ጉባኤውም በበኩሉ ለስቅለት ዕለት ዳስ ይጣል፤ አረጋውያን በጥላው በኩል ይሁኑ፤ የቤተ ክርስቲያኑ በሮችና መስኮቶች ነፋስ እንዲያስገቡ ይከፈቱ። የቀብር ሥነ ሥርዓትም ቢቻል ከቀትሩ ፀሐይ አስቀድሞ ወይም አሳልፎ ይፈጸም።

፫. ሙቀት የጎዳውን ሰው እንዴት እንርዳ?

የመጀመሪያዎቹ ምልክቶች ራስ ምታት፣ ማዞር፣ የአፍ መድረቅ፣ ድካምና የሽንት መጥቆር ናቸው። እንዲህ ያለውን ሰው ወደ ጥላ ወስዶ ልብሱን ማላላት፣ በእርጥብ ጨርቅ አንገቱንና ብብቱን ማቀዝቀዝ፣ ማራገብና ውኃ ቀስ በቀስ ማጠጣት ይገባል። አንድ ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ ውስጥ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ሁለቱም በተስተካከለ ማንኪያ ተለክተው ቢበጠበጡ ጥሩ መጠጥ ይሆናል።

ሰውዬው ከቀባዠረ፣ ከወደቀ ወይም ራሱን ከሳተ አደጋው ከፍተኛ ነው። በአፉ ምንም አይሰጠው፤ በጎኑ ይተኛ፤ እየቀዘቀዘ በፍጥነት ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። ቃሬዛ በየአጥቢያው ተዘጋጅቶ መቀመጥ ያለበት ለዚህ ጊዜ ነው።

፬. ደጋውና በልጉ

የደጋው ፈተና ሌላ ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ሌሊቱ ጥርት ሲል ምድሪቱ ሙቀቷን ታጣለች፤ ቀዝቃዛው አየርም ወደ ረባዳው ወርዶ ይተኛል። ውርጭ ቀድሞ የሚመታው ጎድጓዳውን ማሳ የሆነው በዚህ ነው። በመንዝና በግሼ ከፍተኛ ስፍራዎች የመኸሩን ሰብል ውርጭና በረዶ ስለሚፈታተኑት፣ ብዙ ቤተሰብ ተስፋውን የሚጥለው በበልግ ገብሱ ላይ ነው።

የበልግ ዝናም ደጋውንና ቆላውን ያስተሳስራል። ዝናሙ ሲቀር በደጋው ገብሱ ይጠፋል፤ በቆላው ሙቀቱን የሚያበርድ ደመና ይታጣል፤ የማሽላው ዘርም ይዘገያል። በ2007 ዓ.ም. በሰሜን ምሥራቅ ኢትዮጵያ በልጉ ቀረ፤ ክረምቱም በኤል ኒኞ ምክንያት ደከመ። በተከታዩ በ2008 ዓ.ም. በሀገራችን ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው የምግብ ርዳታ ጠባቂ ሆነ። ያን ጊዜ ዘሩን በልቶ የጨረሰ ገበሬ ዝናሙ ሲመለስ የሚዘራው አጣ። ስለዚህ እያንዳንዱ የደጋ አጥቢያ ከመልካሙ ዓመት ገብስ ለዘር የሚሆን እያስቀረ እንዲያከማች እንመክራለን። ዮሴፍ በግብፅ የሠራው ሥራ በሰባኪ ብቻ የሚነገር ታሪክ ሆኖ መቅረት የለበትም።

በደረቅ ዓመት ከደጋ ወደ ቆላ ለሥራ የሚወርዱ ወጣቶችም የወባ በሽታን እምብዛም አያውቁትም። ወባ በይበልጥ ከክረምቱ ማብቂያ ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ ከበልግ ዝናም በኋላም ይነሣል። ከመውረዳቸው በፊት ስለ አጎበር፣ ከተመለሱም በኋላ ትኩሳት ሲሰማቸው ፈጥነው ስለ መመርመር ሊነገራቸው ይገባል።

፭. ጥላና ውኃ

የጓሳ ሜዳ ለብዙ ዘመናት የተጠበቀው በቄሮ ሥርዓት ነበር። ሣሩ ለተከታታይ ዓመታት ተከልሎ ቆይቶ፣ ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለገሳ ለማጨድ በተወሰነ ጊዜ ብቻ ይከፈት ነበር። በድርቅ ጊዜም የከብቶች መጠጊያ ይሆናል። ሥርዓቱ በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ቢቋረጥም ኅብረተሰቡ ጥበቃውን በሌላ መልክ ቀጥሎበታል። ከዚህ የምንማረው፣ ክፉ ዓመት ሳይመጣ የተከለለ ሀብት በክፉው ዓመት እንደሚደርስ ነው።

የቤተ ክርስቲያን ቅጽርም እንዲሁ ነው። ጥድ፣ ወይራና ኮሶ ለደጋው፣ ዋንዛ፣ ሾላና ግራር ለቆላው ጥላ ይሆናሉ። ባሕር ዛፍ ብዙ ውኃ ስለሚስብ ከምንጭ አጠገብ አይተከል።

የቆርቆሮ ክዳን ያለው ቤተ ክርስቲያን ሁሉ ውኃ ሊያጠራቅም ይችላል። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናም በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ውኃ ይሆናል። ክዳኑ 200 ካሬ ሜትር ከሆነ የ10 ሚሊ ሜትር ዝናም 2,000 ሊትር ያወርዳል፤ የሚባክነው ተቀንሶ 1,600 ሊትር ገደማ ይገኛል። የሚያስፈልገው አሸንዳ፣ ቧንቧና ክዳን ያለው ሮቶ ነው። የመጀመሪያው ዝናም ክዳኑን ስለሚያጥብ ይፍሰስ፤ የሚጠጣውም ውኃ ይፍላ ወይም በውኃ አጋር ይታከም።

፮. የአጥቢያው የዓመት ዕቅድ

ቤተ ክርስቲያን ዓመቱን ክረምት፣ መጸው፣ ሐጋይና ጸደይ ብላ ከፍላ ለየወቅቱ ትጸልያለች። ዕቅዱም ይህን አካሄድ ሊከተል ይችላል፦

በዘመነ ክረምት ችግኝ መትከል፣ ውኃ ማጠራቀም፤ በዘመነ መጸው ዘር ማስቀረት፣ ስለ ወባ ማስተማር፣ ለአረጋውያን ባናና ማገዶ ማሰባሰብ፤ በዘመነ ሐጋይ የበልጉን ትንበያ ከግብርና ባለሙያ ጠይቆ በዐውደ ምሕረት ማሳወቅ፣ ሕመምተኞችን ለጾሙ መለየት፣ ምንጭ ማጽዳት፤ በዘመነ ጸደይ ዳስና የመጀመሪያ ርዳታ ማዘጋጀት፣ ለክረምቱ የችግኝ ጉድጓድ መቆፈር።

ሰንበቴውና ማኅበሩ ለዚህ ሁሉ ታላቅ መሣሪያ ናቸው። በሰንበቴ ያልታየ አዛውንት በዚያው ዕለት ቢጠየቅ፣ በብርድም ሆነ በሙቀት ብቻውን የሚወድቅ አይኖርም።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. አጥቢያችን በየትኛው ከፍታ ላይ ይገኛል? ለእኛ ከባዶቹ ወራት የትኞቹ ናቸው?
2. በመጪው ዐቢይ ጾም ልዩ ምክር የሚያሻቸው ምእመናን እነማን ናቸው? ማን ይጎበኛቸዋል?
3. የቤተ ክርስቲያናችን ክዳን ስንት ካሬ ሜትር ነው? ከእርሱስ ምን ያህል ውኃ ይገኛል?
4. በልጉ ቢቀር የዘር እህል ያላቸው ስንት ቤተሰቦች ናቸው?

መልሳችሁን በቃለ ጉባኤ አስፍራችሁ ለወረዳው ቤተ ክህነት ብታስተላልፉ የሚቀጥለውን ዓመት ሥራ በጋራ ለማቀድ ይረዳናል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።