በኮምፔልሳቶ ላይ ክብ ቀዳዳን በልክ ስለ ማውጣት

ለአጥቢያ ትምህርት ቤቶች የእጅ መታጠቢያ ጠረጴዛ ሲሠራ ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚሻው ሳፋው የሚቀመጥበትን ክብ ቀዳዳ ማውጣት ነው። 10 ሊትር ውኃ 10 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ ይህን ሸክም የሚይዘው በቀዳዳው ዙሪያ የሚያርፈው የሳፋው ከንፈር ብቻ ነው። ቀዳዳው ከልክ ካለፈ ሳፋው ከነውኃው በሕፃናት እግር ላይ ይወድቃል፤ በምእመናን አስተዋጽኦ የተገዛውም ጣውላ ከንቱ ይቀራል። የጠበበ ቀዳዳ ይሰፋል፤ የሰፋ ግን አይጠብም።

ከሁሉ አስቀድሞ ልክ ይወሰድ። የሚለካው ከከንፈሩ ሥር ያለው አካል ነው። በዚያ ላይ ክር አዙረን ርዝመቱን ለ3.14 ስናካፍል ዲያሜትሩን እናገኛለን፤ ክሩ 116.2 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ዲያሜትሩ 37 ነው። ሳፋው ውኃው ሲደፋ በቀላሉ እንዲነሣ በየጎኑ 3 ሚሊ ሜትር ስንጨምር ቀዳዳው 37.6 ይሆናል፤ ከማእከል እስከ ጠርዝ 18.8 ማለት ነው። የከንፈሩ ዲያሜትር 40 ከሆነ በየጎኑ 1.2 ሳንቲ ሜትር ያርፋል።

ራውተር የተባለው የእንጨት መፈልፈያ ማሽን ባለበት፣ ከቀጭን ጣውላ ክንድ ተሠርቶ ከማሽኑ ወለል ጋር ይታሰራል፤ ሌላው ጫፍ በክቡ ማእከል በምስማር ይተከላል። ልኩ ከምስማሩ እስከ መቁረጫው ውጫዊ ጠርዝ ይወሰዳል። በየዙሩ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ብቻ መጥለቅ ይገባል። በመጨረሻው ዙር የመካከሉ ክብ ከነምስማሩ ስለሚላቀቅ፣ አስቀድሞ ከሥሩ ከተነጠፈ ትርፍ ጣውላ ጋር በቪቴ ይያያዝ።

ራውተር በሌለበት፣ በቀጭን ዘንግ ላይ በ18.8 ሳንቲ ሜትር ርቀት ምስማርና እርሳስ ተክለን ክቡን እናሰምራለን። ከመስመሩ ውስጥ የመጋዝ መግቢያ በስተን፣ ከመስመሩ 2 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ በጂግሶ ወይም በቀጭን የእጅ መጋዝ እንቆርጣለን፤ የቀረውን በሞረድ እናስተካክላለን። የጂግሶ ጥርስ በአብዛኛው ወደ ላይ ስለሚቆርጥ መልካሙ ገጽ ወደ ታች ይሁን። ሠራተኛው የዓይን መከላከያ ያድርግ።

በተቆረጠው ጠርዝ ላይ የኮምፔልሳቶው ንጣፎች ስለሚገለጡ ውኃ እንዳይገባባቸው ሁለት ጊዜ የዘይት ቀለም ወይም ቫርኒሽ ይቀቡ።

የሰበካ ኮሚቴዎች ሙሉው ጣውላ ከመቆረጡ በፊት በቁራጭ ላይ የተሠራ ናሙና ይጠይቁ፤ ሳፋውንም በናሙናው ላይ አስቀምጠው ይመልከቱ። ሥራው ሲያልቅ ሳፋው በውኃ ተሞልቶ ይደር፤ ሳይዘነብልና ሳይሰምጥ ካደረ ጠረጴዛው ለሕፃናቱ ይሰጥ።