ሳጥኑ ዝም ይበል፤ ድምፅ ማጉያው ይናገር

ስብሰባ ላይ ተናጋሪው በድምፅ ማጉያ «ከብቶቻችሁን በሦስት ሰዓት ለክትባት አምጡ» ይላል። ከኋላ የተቀመጠው ገበሬ «በስድስት ሰዓት» ብሎ ይሰማል። በስድስት ሰዓት ሲደርስ ከታቢው ሄዷል፤ ከብቱ ሳይከተብ ቀረ። ጥፋቱ የተናጋሪው ነው? የጆሮ ነው? አንዳንዴ የሳጥኑ ነው። በዛሬው ትምህርታችን ሳጥን ቃልን እንዴት እንደሚያበላሽና እኛው በእጃችን እንዴት እንደምናስተካክለው እንመለከታለን።

ድምፅ ምንድን ነው?

ድምፅ የአየር መርገብገብ ነው። ከበሮ ስንመታ ቆዳው ይርገበገባል። ቆዳው አየሩን ይገፋል፤ የአየሩም መርገብገብ ጆሯችን ይደርሳል። በድምፅ ማጉያ ውስጥ ደግሞ ክብ የወረቀት ቆብ አለ። ኤሌክትሪክ ሲመጣለት ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይመላለሳል።

ሳጥን ለምን አስፈለገ?

ወረቀቱ አየሩን ወደ ፊት ሲገፋ ከኋላው ያለውን አየር ይስባል። የፊቱና የኋላው አየር ከተገናኙ አንዱ ሌላውን ያጠፋዋል። በተለይ ወፍራሙ ድምፅ ይጠፋል። ሳጥኑ ሁለቱን ይለያያቸዋል።

ታዲያ የሳጥኑ ግድግዳ ስስ ከሆነ እሱም ከበሮ ይሆናል። የከበሮ ሥራው መርገብገብ ነው፤ የሳጥን መርገብገብ ግን በሰው ንግግር ጣልቃ መግባት ነው። ተናጋሪው አንዱን ቃል ጨርሶ ወደ ሌላው ሲያልፍ ሳጥኑ ገና የፊተኛውን ያስተጋባል። ቃልና ቃል ይደባለቃል።

ሳጥናችንን በጣታችን እናንኳኳው። እንደ ባዶ እንስራ ከጮኸ ይርገበገባል። እንደ ሞላ እንስራ «ድብ» ካለ ደህና ነው።

ምን እናድርግ?

የሚጮህ ደወል በእጅ ሲያዝ ዝም ይላል። እጃችን መርገብገቡን ስለሚውጠው ነው። ለሳጥኑም እንዲህ ያለ እጅ እናበጅለት።

1ኛ. ወፍራም ጣውላ እንምረጥ። የጣውላ ውፍረት እጥፍ ሲሆን ለመጉበጥ ያለው እምቢተኝነት ስምንት እጥፍ ይሆናል።

2ኛ. ማገር እናስገባ። ቤት ያለ ማገር አይጠናም፤ ሳጥንም እንዲሁ ነው። ከግራው ግድግዳ እስከ ቀኙ የሚደርስ እንጨት በኮላና በሚስማር እናጣብቅ። ልክ መሐል ላይ ግን አናድርገው። ግድግዳው እኩል ለሁለት ከተከፈለ ሁለቱም ወገን በአንድ ዜማ ይርገበገባሉ።

3ኛ. አሸዋ እንሙላ። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ጊልበርት ብሪግስ የሚባል እንግሊዛዊ የድምፅ ማጉያ ሠሪ በሁለት ስስ ጣውላዎች መካከል ደረቅ አሸዋ ሞልቶ ይሠራ ነበር። ጣውላው ሲርገበገብ የአሸዋው ቅንጣቶች እርስ በርስ ይፋተጋሉ፤ የመርገብገቡ ኃይል ወደ ሙቀት ተለውጦ ያልቃል። አሸዋ በየወንዛችን አለ። ነፍተን በፀሐይ በደንብ እናድርቀው፤ እርጥብ አሸዋ እንጨት ያበሰብሳል።

4ኛ. አሸዋ ካላመቸን ሬንጅ እንጠቀም። የእንግሊዝ ራዲዮ ድርጅት ቢ.ቢ.ሲ. በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ከስስ ኮምፖርሳቶ የተሠሩ ሳጥኖችን ውስጥ ውስጣቸውን ሬንጅ ባለው ንጣፍ ያስለብስ ነበር። እኛም የግድግዳውን ውስጥ ወፈር አድርገን ቀብተን ጆንያ እንለጥፍበት። ሬንጅ የምናሞቀው ደጅ፣ ልጆች በሌሉበት ነው፤ ይቀጣጠላል፣ ቆዳም ይልጣል።

5ኛ. የላላውን ሁሉ እናጥብቅ። ብሎኑ፣ ሽቦው፣ የኋላው ክዳን ከላላ ይንጫጫል። በድምፅ ማጉያውና በጣውላው መካከል ከአሮጌ ከመነዳሪ የተቆረጠ ጎማ እናስገባ።

አንድ ነገር እንወቅ። የበግ ጠጉር ወይም ጥጥ ሳጥን ውስጥ መጨመር ጥሩ ነው። ግን ጠጉሩ የሚያበርደው በሳጥኑ ውስጥ ያለውን አየር ነው፤ ግድግዳውን አይዝም። ጠጉር ስለጨመርን ማገሩን አንተው።

እንፈትን

አንድ ሰው በድምፅ ማጉያው «ሦስት»፣ «ስድስት» የሚሉትን ቃላት እያቀያየረ ሃያ ጊዜ ይጥራ። ሌሎቻችን ከሩቅ ቆመን የሰማነውን በደብተራችን እንጻፍ። ከጠሪው ዝርዝር ጋር እናስተያየውና ስሕተቱን እንቁጠር። ሳጥኑን ካስተካከልን በኋላ እንደገና እንቁጠር። ስሕተቱ ካነሰ ሥራችን ሠምሯል፤ ካላነሰ ግን እንደገና እያንኳኳን የሚጮኸውን ግድግዳ እንፈልግ።

ጥያቄዎች

1. የሳጥን ግድግዳ ሲርገበገብ ቃል ለምን ይደባለቃል?
2. ማገሩ ልክ መሐል ላይ ለምን አይደረግም?
3. አሸዋው ለምን ደረቅ መሆን አለበት?