ሕዋስ መከፋፈሉን ሲያቆም፦ የጁዲት ካምፒሲ ምርምርና በእርጅና ሥነ ሕይወት ላይ ያሳደረው ተጽዕኖ

መግቢያ

እ.ኤ.አ. በ1961 ሌናርድ ሄይፍሊክና ፖል ሙርሄድ ከሰው የተወሰዱ መደበኛ ሕዋሳት በቤተ ሙከራ ውስጥ የሚከፋፈሉት ለተወሰነ ዙር ብቻ መሆኑን አሳዩ። ሕዋሳቱ ከዚያ በኋላ መከፋፈላቸውን ለዘለቄታው ቢያቆሙም አይሞቱም፤ ለረዥም ጊዜ በሕይወት ይቆያሉ። ይህ ሁኔታ ሕዋሳዊ እርጅና ተባለ። ሆኖም በቤተ ሙከራ ሳህን ላይ የታየው ክስተት በሕያው አካል ውስጥ መኖር አለመኖሩ፣ ካለም ከሰውነት ማርጀት ጋር ያለው ግንኙነት ለዓመታት ሲያከራክር ቆይቷል። ለክርክሩ መልስ በመስጠት ረገድ አሜሪካዊቷ የሞለኪዩል ሥነ ሕይወት ተመራማሪ ጁዲት ካምፒሲ (1948–2024) ከፍተኛ ድርሻ አላቸው። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ የሚከተለው ነው፦ የካምፒሲ ዋነኛ አስተዋጽኦ አንድ ሕዋሳዊ ሂደት እንደ ጊዜውና እንደ ሁኔታው ጠባቂም ጎጂም ሊሆን እንደሚችል በማስረጃ ማሳየታቸው ነው።

መለያውና ወሰኑ

ያረጀን ሕዋስ ለማጥናት በቅድሚያ መለየት ያስፈልጋል። በሎረንስ በርክሌይ ብሔራዊ ቤተ ሙከራ ይሠሩ የነበሩት ካምፒሲና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1995 አንድ የማቅለሚያ ዘዴ አሳተሙ። ቤታ-ጋላክቶሲዴዝ የተባለው ኤንዛይም በፒ.ኤች. 6 ሲፈተሽ ያረጁ ሕዋሳት ሰማያዊ ቀለም ይይዛሉ። ዘዴው ከተለያየ ዕድሜ ሰዎች በተወሰደ ቆዳ ላይ ሲሞከር፣ የሰጪው ዕድሜ በጨመረ ቁጥር ቀለም የያዙ ሕዋሳትም በዝተው ታዩ። ክስተቱ በቤተ ሙከራ ሳህን ብቻ የተወሰነ አለመሆኑን የሚጠቁም ማስረጃ በዚህ ተገኘ።

ዘዴው ቀላልና ርካሽ በመሆኑ በመላው ዓለም ተስፋፋ። ይሁን እንጂ ኤንዛይሙ በማንኛውም ሕዋስ ላይሶሶም ውስጥ የሚገኝ ነው፤ ለረዥም ጊዜ ተጨናንቀው ያደጉ ወጣት ሕዋሳትም ሊቀልሙ ይችላሉ። ስለዚህ ሰማያዊ ቀለም ብቻውን የእርጅና ማረጋገጫ አይሆንም፤ እንደ ፒ16 ካሉ ሌሎች መለያዎች ጋር ተዳምሮ ሊነበብ ይገባል።

የጎረቤት ጉዳት

ሕዋሳዊ እርጅና የካንሰር መከላከያ ነው። ዲ.ኤን.ኤው የተጎዳ ሕዋስ መከፋፈሉን ካቆመ ወደ ዕጢ አያድግም። ነገር ግን የካምፒሲ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2001 ያረጁ ፋይብሮብላስቶች ለካንሰር የተዘጋጁ ጎረቤት ሕዋሳትን ዕድገት እንደሚያፋጥኑ አሳየ። እ.ኤ.አ. በ2008 ደግሞ ምክንያቱን በዝርዝር አቀረበ። ያረጁ ሕዋሳት ኢንተርሊዩኪን-6ንና ኢንተርሊዩኪን-8ን ጨምሮ ብግነት የሚቀሰቅሱ በርካታ ፕሮቲኖችን ወደ አካባቢያቸው ያመነጫሉ። ይህ ባሕርይ በምሕጻረ ቃል ሳስፕ ይባላል።

ካንሰርን የሚገታ ሂደት ካንሰርን ማገዙ እርስ በርሱ የሚጣረስ ይመስላል። ካምፒሲ ይህን ለማስረዳት ጆርጅ ዊሊያምስ እ.ኤ.አ. በ1957 ያቀረቡትን የዝግመተ ለውጥ ሐሳብ ተጠቅመዋል። በሐሳቡ መሠረት በወጣትነት የሚጠቅም ባሕርይ በእርጅና ቢጎዳም እንኳ በተፈጥሯዊ ምርጦሽ አይወገድም፤ ጉዳቱ የሚታየው ግለሰቡ ዘር ከተካ በኋላ ነውና። ያረጁ ሕዋሳት በወጣትነት ጥቂት ናቸው፤ በዕድሜ ሲከማቹ ግን የሚያመነጩት ብግነት ኅብረ ሕዋስን ያውካል።

የቁስል ምስክርነት

ከዚህ ተነሥቶ ያረጁ ሕዋሳትን ሁሉ ማስወገድ ይበጃል የሚል መደምደሚያ ላይ መድረስ ይቻል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 በማዮ ክሊኒክ የሚሠራ ቡድን ፈጥነው በሚያረጁ አይጦች ላይ ፒ16 ያላቸውን ሕዋሳት በማስወገድ አንዳንድ የእርጅና ምልክቶችን ማዘግየቱ ይህን ተስፋ አጠናከረ። በባክ የእርጅና ምርምር ተቋም ይሠራ የነበረው የካምፒሲ ቡድን ግን እ.ኤ.አ. በ2014 ሌላውን ገጽታ አሳየ። ያረጁ ሕዋሳት በተወገዱባቸው አይጦች ቁስል ለመዳን ዘገየ። ሕዋሳቱ የሚያመነጩት ፒዲጂኤፍ-ኤኤ የተባለ ፕሮቲን በቁስሉ ላይ ሲደረግ መዘግየቱ ተስተካከለ። ለአጭር ጊዜ የሚታዩ ያረጁ ሕዋሳት ይጠግናሉ፤ ተከማችተው የሚቆዩት ይጎዳሉ።

ተጽዕኖውና ማጠቃለያ

ይህ ምርምር ያረጁ ሕዋሳትን የሚያስወግዱ መድኃኒቶችን ፍለጋ አነቃቅቷል። ወደ ሰው ሕክምና መሸጋገሩ ግን ቀላል አልሆነም፤ ካምፒሲ በመሥራችነት የተሳተፉበት ዩኒቲ ባዮቴክኖሎጂ ለጉልበት አርትራይተስ የሞከረው መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣው ውጤት መሠረት ሕመምን በመቀነስ ረገድ ከማስመሰያው አልበለጠም። ሌላው መንገድ ሕዋሳቱን ሳይገድሉ ሳስፕን ማለዘብ ነው፤ የካምፒሲ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2015 ራፓማይሲን ይህን ማድረግ እንደሚችል በሕዋሳት ላይ አሳይቷል።

በዘርፉ ምርምር የሚጀምር ተማሪ ከዚህ ሁለት ነገር ሊይዝ ይገባል። በአንድ መለያ ብቻ ሕዋስን «ያረጀ» ብሎ አለመፈረጅ አንዱ ነው። ሁለተኛው፣ አንድን ሕዋስ ለማስወገድ ከማሰብ በፊት የት፣ መቼና ለምን ያህል ጊዜ እንደቆየ መጠየቅ ነው። መልሱ በመገጣጠሚያና በትኩስ ቁስል ላይ አንድ ላይሆን ይችላል።