የጓደኛን ሥዕል ስለ መተቸትና ትችትን ስለ መቀበል

ከሁለት ዓመት በፊት በመኝታ ክፍላችን አንድ ጓደኛዬ በስልኩ ላይ በጣቱ የሣለውን ጦረኛ አሳየኝ። ጋሻው፣ ጎፈሬው፣ አቋቋሙ ሁሉ ደስ የሚል ነበር። የእኔ ዐይን ግን ፈጥኖ ያረፈው ጦሩን በያዘው እጅ ላይ ስለ ነበረ፣ «ይኸ እጅ ነው ወይስ የገንፎ ማማሰያ?» ብዬ ቀለድሁ። በክፍሉ የነበሩት ሁሉ ሣቁ፤ እርሱም አብሮ ሣቀ። ነገሩ በዚያው ያለቀ መስሎኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ያ ልጅ የሚሥላቸውን ሰዎች ልብ ብዬ ስመለከት፣ አንዱ እጁን ወደ ኋላ አጣምሯል፤ ሌላው ጋቢ ተከናንቧል፤ ሦስተኛው እጆቹን ኪሱ ውስጥ ከትቷል። አንድ ዓመት ሙሉ እጅ የሚባል ነገር ከሥዕሎቹ ጠፋ።

በቀልዴ ውስጥ ሐሰት አልነበረም፤ እጁ በእርግጥ ተበላሽቶ ነበር። ዳሩ ግን የተናገርሁት ቃል እጁ ለምን እንደ ተበላሸ፣ እንዴትስ እንደሚቃና አንዳች አላመለከተውም። አስተማርሁት ቢባል ያስተማርሁት እጅን መደበቅ ብቻ ነው። በስልክ፣ በታብሌትና በኮምፒዩተር ሰውን፣ ጀግናን፣ የተረት ፍጡርን የሚሥሉ ልጆች በየመኝታ ክፍሉ ስለማይታጡ፣ ሌሎቻችንም ሥዕላቸውን እንድናይላቸው ዘወትር ስለምንጠየቅ፣ ስለዚህ ጉዳይ የተማርሁትን ጥቂት ነገር ለአንባብያን ለማካፈል አሰብሁ። እኔ ራሴ ሠዓሊ አይደለሁም፤ ሲሣል አጠገብ ተቀምጬ የማይ ሰው ነኝ።

ሠዓሊ ያልሆነ ሰው ስለ ሥዕል ምን አግብቶት ይናገራል የሚል ይኖራል። ፕሊኒ የተባለው የሮማ ጸሐፊ የተረከው ታሪክ አለ። ታላቁን እስክንድርን የሣለው የግሪኩ ሠዓሊ አፔሌስ ሥዕሉን አላፊ አግዳሚው በሚያይበት ቦታ አቁሞ፣ እርሱ ከበስተኋላው ተደብቆ የሚባለውን ያዳምጥ ነበር ይባላል። አንድ ቀን አንድ ጫማ ሰፊ መጣና የጫማው ማሰሪያ አንድ ቀለበት ጎድሎታል ብሎ ነቀፈ። አፔሌስም ነቀፌታውን ተቀብሎ አስተካከለው። ጫማ ሰፊው በማግሥቱ ቢመለስ እርምቱን አየ፤ ልቡ አበጠና ስለ እግሩ ደግሞ መተቸት ጀመረ። በዚህ ጊዜ አፔሌስ ብቅ ብሎ፣ ጫማ ሰፊ ከጫማው በላይ እንዳይፈርድ ገሠጸው። ይኸን ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚጠቅሱት ተቺን ዝም ለማሰኘት የሚፈልጉ ሰዎች ናቸው። እኔ ግን ከሁለቱ ቀን የምወደው የመጀመሪያውን ነው። ያን ያህል ስም ያለው ሠዓሊ ጫማ የሚያውቀው ማን እንደ ሆነ አውቆ፣ ያለ አንዳች ኩርፊያ ቀለሙን አነሣ። ከእኛም መካከል እያንዳንዱ የየራሱ ጫማ አለው። የሕክምናው ተማሪ ክርን ወዴት እንደሚታጠፍ ያውቃል፤ የምሕንድስናው ተማሪ ድልድዩ በዚያ ምሰሶ እንደማይቆም ያያል፤ የገጠር ልጅ ደግሞ ሌላው የማያየውን ያያል።

ይኸን የመጨረሻውን በዐይኔ አይቻለሁ። አንዲት የክፍላችን ተማሪ ክሪታ በሚባለው ነጻ ፕሮግራም እንስራ በጀርባዋ ያዘለች ኮረዳ ሣለች። ሥዕሉን ለጓደኞቿ ስታሳይ፣ ገሚሱ «በጣም ታምራለች» አለ፤ አንዱ «የሆነ ነገር ይጎድላታል» አለ፤ ሌላው «ቀለሙን አድምቂው» ብሎ መከረ። ልጅቱም ሦስት ሌሊት ሙሉ ቀለም ስታደምቅ ሰነበተች። ቀሚሱ ደመቀ፣ ሰማዩ ደመቀ፣ የጎደለው ነገር ግን እንደ ጎደለ ቀረ። በአራተኛው ቀን ከገጠር የመጣ አንድ ልጅ ሥዕሉን አየና እየሣቀ ሳይሆን በእውነት ግራ ገብቶት፣ «እንስራው ባዶ ነው እንዴ?» ብሎ ጠየቀ።

ነገሩ እዚህ ላይ ነበር። 20 ሊትር ውኃ 20 ኪሎ ይመዝናል፤ የሸክላው ክብደት ደግሞ በዚያ ላይ ነው። ይኸን ሸክም በጀርባ ያዘለ ሰው ቀጥ ብሎ ከቆመ ወደ ኋላ ይወድቃል። የሸክሙና የሰውነቱ ክብደት አንድ ላይ ሆኖ በእግሩ መርገጫ ላይ እንዲያርፍ፣ ከወገቡ ወደ ፊት መጉበጥ፣ አንገቱንም ማስቀደም ግድ ይሆንበታል። ገመዱም ተወጥሮ ልብሱን ይጨመድዳል እንጂ እንደ ጌጥ አይንጠለጠልም። የልጅቱ ኮረዳ ግን ለቁንጅና ውድድር እንደ ቆመች ሁሉ ቀጥ ብላ ነበር። ሠዓሊዋ ይኸን በሰማች ጊዜ ቀለሙን ሁሉ ትታ፣ በአዲስ ገጽ ላይ ከራስ እስከ ተረከዝ አንዲት ዘንበል ያለች መሥመር ሰመረች፤ ከዚያም ሰውነቱን በዚያች መሥመር ላይ እንደ ገና ሠራችው። በአንድ ምሽት እንስራው ውኃ ሞላ።

እንግዲህ የሦስቱን ተመልካቾች ቃል እናመዛዝን። «ታምራለች» ያለው ደግነት አድርጓል፤ ምን እንዳማረው ስላልተናገረ ግን ሠዓሊዋ ይዛ የምትቆየውን ነገር አላገኘችም። ፊቷ ላይ ያለው ጥላ አምሮት ከነበረ፣ ጥላው ነው ማለት ነበረበት፤ በሚቀጥለው ሥዕል ያን እንዳትጥለው። «የሆነ ነገር ይጎድላታል» ያለው ልክ ነበር፤ ቦታውን ግን አላገኘም። «ቀለሙን አድምቂው» ያለው ሕመሙን ሳያውቅ መድኃኒት አዘዘ። በእኔ አስተያየት ከትችት ሁሉ አስቸጋሪው ይኸ ሦስተኛው ነው፤ ምክንያቱም ጠቃሚ ይመስላል። ተመልካች «እዚህ ጋ ዐይኔን ቆረቆረኝ» ሲል አብዛኛውን ጊዜ ሊታመን ይገባዋል፤ ቆርቁሮታልና። «እንዲህ አድርጊው» ሲል ግን ነገሩ ምክር ብቻ ነው፤ መመርመሩ የሠዓሊው ፋንታ ነው። የገጠሩ ልጅ አንድም ምክር አልሰጠም። ያየውን ጠየቀ፤ ጥያቄውም በቂ ሆነ።

ከመተቸት በፊት ሠዓሊው ምን ለማድረግ እንደ ፈለገ መጠየቅ እንደሚያስፈልግ ብዙ ጊዜ ይነገራል፤ ሲደረግ ግን እምብዛም አይታይም። አንድ ልጅ ለአጭር የሥዕል ታሪክ የሚሆን ጨካኝ ንጉሥ ሣለ። ንጉሡ ሁልጊዜ በጎን ስለሚታይ አንድ ዐይን ብቻ አለው። ተመልካቾቹ «ፊት ለፊት መሣል አትችልም እንዴ?» እያሉ አሾፉበት። ልጁ ግን አስቦበት ነበር። በቀድሞው የቤተ ክርስቲያናችን ሥዕል ጻድቃን ፊታቸው ሙሉ ሆኖ በሁለት ዐይን ሲሣሉ፣ ክፉዎች በጎን በአንድ ዐይን መሣላቸው የታወቀ ነው፤ እርሱም ያን ሥርዓት ወደ ታብሌቱ ማምጣቱ ነበር። ይኸን ሲያስረዳ ሁሉም ዝም አለ። ዝም ማለቱ ግን ደግሞ ስሕተት ነበር። ምክንያቱም አንዲት ልጅ ቆየት ብላ፣ «እንዲህ ከሆነማ ደጉ እረኛ ለምን በጎን ተሣለ?» ስትል ሠዓሊው ራሱ ደነገጠ። እውነተኛ ትችት ይኸ ይመስለኛል፤ ሥዕሉን በተቺው ሕግ ሳይሆን ሠዓሊው ራሱ ባወጣው ሕግ መመዘን።

ስለ ልክና ስለ ምጣኔም እንደዚሁ ነው። የአዋቂ ሰው ቁመት በራሱ ርዝመት ሲለካ 7 ተኩል ያህል ይሆናል። አንድሩ ሉሚስ የተባለው አሜሪካዊ ሠዓሊ በ1943 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የሰው አካል አሣሣል መጽሐፍ ላማረ ቁመና 8 ራስን መለኪያ አድርጎ ያሳያል። ለቀልድና ለልጆች የሚሣል ሰው ግን 3 ራስ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ይኸንን «ራሱ በዛ» ብሎ መንቀፍ ተረትን በታሪክ መጽሐፍ እንደ መመርመር ይሆናል። ዐይን በራስ ቅል ቁመት እኩሌታ ላይ እንደሚገኝ ግን ለጀማሪ ቢነገር ይጠቅማል። ሁላችንም ስንጀምር ዐይንን ወደ ግንባር እንሰቅለዋለን።

የትችትም ቅደም ተከተል አለው። አቋቋሙ የተበላሸ ሰው የቅንድቡ ፀጉር ቢቃና አይድንም። ስለዚህ ከትልቁ ወደ ትንሹ መሄድ ነው፤ በመጀመሪያ አቋምና ክብደት፣ ቀጥሎ የአካል ልክ፣ ቀጥሎ ብርሃንና ጥላ፣ ጌጡና ዘርፉ በመጨረሻ። በዲጂታል ሥዕል ይኸንን ለማየት የሚያግዙ ቀላል ዘዴዎች አሉ። ሥዕሉን አውራ ጣት እስኪያክል አሳንሶ ማየት፤ ያን ጊዜ ሰውየው ምን እያደረገ እንደ ሆነ ካልታወቀ ችግሩ ከአቋሙ ነው። ሰውነቱን በሙሉ ጥቁር ቀለም ሞልቶ ጥላውን ብቻ ማየት። ቀለሙን ሁሉ አጥፍቶ ግራጫ ማድረግ፤ ቀይ ቀሚስና አረንጓዴ ሣር ለዐይን እጅግ የተለያዩ መስለው፣ ግራጫ ሲሆኑ አንድ ሆነው የሚገኙበት ጊዜ አለ። ከሁሉም የሚበልጠው ግን ሥዕሉን ግራውን ቀኝ አድርጎ መገልበጥ ነው። ለረጅም ሰዓት ያየነውን ስሕተት ዐይናችን ይለምደዋል፤ ሲገለበጥ ግን የተጣመመው መንጋጋ ወዲያው ይጮኻል። ይኸም አዲስ ነገር አይደለም። ሌዎናርዶ ዳ ቪንቺ ሠዓሊ ሥራውን በመስተዋት እንዲያይ፣ የሰውንም ሁሉ አስተያየት በፈቃዱ እንዲሰማ በማስታወሻዎቹ መክሯል። እኛ መስተዋቱን በአንድ ቁልፍ አገኘነው፤ ሁለተኛው ምክር ግን ቁልፍ የለውም።

ፕሮግራሞቹ «ሌየር» የሚሉት ነገር ደግሞ ለተቺ የተፈጠረ ይመስላል። በሥዕሉ ላይ እንደ ስስ ላስቲክ የሚነጠፍ ገጽ ነው። ተቺው በዚያ ላይ በቀይ መሥመር «ትከሻው እዚህ ቢወርድስ?» ብሎ ማሳየት ይችላል፤ ሠዓሊው ሲፈልግ ይሰውረዋል፣ ሲፈልግ ይገልጠዋል፣ ከሥሩ ያለው ሥራ አይነካም። ሆኖም ሳያስፈቅዱ በሰው ሥዕል ላይ መሣል ነውር ነው። ቢፈቀድም መሥመሩ ጥቂት ይሁን። ተቺው ሰውየውን ጨርሶ ሣለው ማለት ሠዓሊው ከትምህርቱ ተባረረ ማለት ነውና።

የሚያሳየውም ወገን ግዴታ አለበት። ሥዕሉን ገና በንድፉ ሳለ ያሳይ። ሃያ ሰዓት የሽፋሽፍት ፀጉር ሲሥል ከቆየ በኋላ ወገቡ እንደ ተሰበረ ቢነገረው፣ ቢቆጣ አይፈረድበትም፤ ግን ጥፋቱ የራሱ ነው። በቴሌግራም የሚልክ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላክ፤ አለዚያ ሥዕሉ ተጨምቆ ስለሚደበዝዝ ተቺው የማይገኝ ስሕተት ያገኛል። «እንዴት ነው?» ብሎ ከመጠየቅም «እግሩ መሬት የረገጠ ይመስላል?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል፤ የመጀመሪያው ጥያቄ «ጎበዝ» ከሚል መልስ በቀር ሌላ አያመጣም። መልሱ ሲሰጥም ዝም ብሎ መጻፍ ነው። ሥዕሉን የሚያይ ሰው ሁሉ ሠዓሊውን አጠገቡ አቁሞ ማብራሪያ አይሰማም፤ ስለዚህ ማብራሪያ ያስፈለገው ሥዕል ያ ማብራሪያ ጎድሎታል ማለት ነው። ሦስት ሰዎች ተለያይተው በአንድ ቦታ ላይ ከተሰናከሉ፣ ምክንያታቸው ቢለያይም ቦታው ላይ ድንጋይ አለ።

የቅኔ ተማሪ ሲቆጥር የዋለውን ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም በጓደኞቹ ፊት ያርመዋል። ያ ተማሪ ታርሟል ተብሎ አይናቅም፤ በማግሥቱ ሌላ ቆጥሮ ይቀርባል። እኛ ይኸን ልማድ አጠገባችን እያለ፣ በሥዕል ጊዜ ወይ እንሣለቃለን ወይ እናሞግሳለን። ምናልባት በቅኔ ቤት የታረመው ሰው ነገም እዚያው እንደሚመጣ ሁሉም ስለሚያውቅ ይሆናል።

ወደ ጓደኛዬ ልመለስ። ባለፈው ሰሞን ስለ ገንፎ ማማሰያው ይቅርታ ጠየቅሁት። የረሳው መስሎኝ ነበር፤ ቀኑን ሳይቀር ያስታውሳል። ከዚያም ሁለታችን ተቀምጠን የድሮውን ጦረኛ ከፈትነው። ያን ጊዜ ማለት የነበረብኝን አሁን አልሁት። ጦሩ መዳፉን አቋርጦ አያልፍም፣ ጣቶቹም ሁሉ እኩል ሆነዋል፣ እጁም ከፊቱ ሲለካ እጅግ ያንሳል። የሰው እጅ ከአገጭ ተነሥቶ ፀጉር እስኪበቅልበት ድረስ ፊትን እንደሚሸፍን በገዛ መዳፉ ለካው። የክፍሉን መጥረጊያ አምጥቶ እንጨቱን ጨበጠና እጁን በስልኩ አነሣው። መዳፉን እንደ ሣጥን፣ አራቱን ጣቶች በመጀመሪያ ሳይለያዩ እንደ አንድ ቁራጭ አድርጎ ነደፈ፤ ከዚያ ለያያቸው። እስከ ሌሊቱ ስድስት ሰዓት አሥራ አንድ እጅ ሣለ።

በአሥራ አንደኛው ላይ አውራ ጣቱ አሁንም እንደሚያጥር ነገርሁት። ሥዕሉን ገልብጦ ጥቂት ተመለከተና «እውነትህን ነው» ብሎ ላጲሱን ነካ።